ያልወደቀው ካርድ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ሰሌዳው ላይ አራት ካርዶች ነበሩ። ሦስቱ «ግቢ» በሚለው አምድ ሥር ተደርድረዋል፦ የሥራ አስኪያጇ የኮራሊ ቬንስ፣ የማጓጓዣ ቀበቶውን የሚያንቀሳቅሰው የትሬቭ ፔንግሊ፣ የመኪና ሚዛኑን የምትቆጣጠረው የዳኒትሳ ማርቲች። አራተኛው ካርድ «ጎተራ ውስጥ» በሚለው ሥር ብቻውን ነበር። ኢቮ ማርቲች ይላል፤ የዳኒትሳ አባት ነው። «እረፍት» እና «ወጥቷል» የሚሉት ሁለቱ የቀኝ አምዶች ባዶ ነበሩ።

ሰሌዳው የእንጨት አይደለም፤ ድረ ገጽ ነው። በኩልታ ወደብ የእህል ማከማቻ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ስሙ ያለበትን ካርድ ከአንዱ አምድ ጎትቶ ሌላው ላይ ይጥላል። «ጎተራ ውስጥ» በሚለው ሥር አንድ ካርድ እስካለ ድረስ የቀበቶው ሞተር አይነሳም። በዚያች ደቂቃ ኢቮ ሰባተኛው ጎተራ ውስጥ ቆሞ ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ስንዴ በአካፋ ያራግፍ ነበር። ካርዱም ሰውየውም አንድ ቦታ ነበሩ። ሰሌዳው እውነቱን ይናገር ነበር።

በስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ቀበቶው ተነሳ። ከጎተራው ሥር ያለው በር ተከፈተ፤ ስንዴው ወደ ታች መስመጥ ጀመረ፤ ኢቮም አብሮት ሰመጠ። አስከሬኑን ለማውጣት የጎተራውን ቆርቆሮ በመጋዝ መቁረጥ ግድ ሆነ። የተቆረጠውን ቀዳዳ ተከትሎ የፈሰሰውን ስንዴ ሮዝ ቀለም ያላቸው በቀቀኖች መንጋ እስከ ማታ ሲለቅመው ዋለ።

ሐሙስ ጠዋት ሳጅን ሎሳሊኔ ታውፋ የሦስት ሰዓት መንገድ ነድታ ኩልታ ስትደርስ የድርጅቱ ሪፖርት አልቆ ጠበቃት። አራት ገጽ ነው፤ ዋናው ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ሟች ካርዱን በራሱ እጅ ካነሳ በኋላ ተመልሶ ገብቷል፤ አደጋው የደረሰው በራሱ ቸልተኝነት ነው።» ሰኞ የሞት ምክንያት ለሚያጣራው ዳኛ ይቀርባል። ዳኛው ከተቀበለው እንዲሁ ተጽፎ ይቀራል።

ሎሳሊኔ ከቶንጋ ደሴቶች በዘጠኝ ዓመቷ የመጣች፣ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት በዓሣ ሀብት ቢሮ ስድስት ዓመት የዓሣ ርዝመት ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ያልለካችውን ነገር አትጽፍም። ከግቢው በር ላይ አንዲት አሮጊት የወንድ ባርኔጣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘች። የኢቮ ሚስት ኔቨንካ ነበሩ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረምሳውን ሁሉ ‹መጀመሪያ ካርድህን!› እያለ ሲጮህበት ኖረ። ‹ዘበኛው ሽማግሌ› ነበር የሚሉት። አሁን በራሱ ቸልተኝነት ብለው ሊጽፉበት?»

«ሊሳሳት አይችልም ይላሉ?»

«ሰው አይደል እንዴ፣ ይሳሳታል። ባለፈው ሳምንት ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሯል። በካርዱ ግን አይሳሳትም። ልጄ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም። ያቺን ቃል አንሺልኝ።»

«ዳኒትሳስ ምን ትላለች?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ቤት ውስጥ አፏን አልከፈተችም። ሳህን ታጥባለች። ንጹሑን ደግማ ታጥበዋለች።»

ሎሳሊኔ ይህንን ጻፈችው።

ኮራሊ ቬንስ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ተቀበለቻት። ጠረጴዛዋ ላይ ሰፊ ስክሪን፣ ከጎኑ የኮምፒውተሩ መዳፊት፣ ከጀርባው ትልቅ መስኮት አለ። ስንዴ ሊጭን የመጣው መርከብ አሁንም ከወደቡ ድልድይ ጫፍ ቆሟል።

«ይቀመጡ ሳጅን። ኢቮን ሁላችንም እንወደው ነበር። ግን ወረቀቱ ያው ነው።» የታተመ ዝርዝር ገፋችላት። «ሰባት ሰዓት ከአርባ፣ ኢቮ ወደ ‹ጎተራ ውስጥ›። ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ኢቮ ወደ ‹ወጥቷል›። ሁለቱም በራሱ ስም። ካርድን ከባለቤቱ በቀር ማንም ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ገጹ ራሱ ይከለክላል።»

«እንደሚከለክል በምን አወቁ?»

ኮራሊ እጇን ከዝርዝሩ ላይ አነሳች። «ሲሠራልን ተነግሮናል።»

«ማክሰኞ ከሰዓት እርስዎ ሰሌዳውን ነክተውት ነበር?»

«እኔ? ሁለት ቀን የቆመ መርከብ ካፒቴን እየጮኸብኝ? ዞር ብዬም አላየሁት።»

«ወንበርዎ ላይ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?»

ሥራ አስኪያጇ ቅር ቢላትም ተነሳች። ሎሳሊኔ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ስክሪኑን አየች። አራቱም አምዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ ቀና ስትል በመስኮቱ ውስጥ ሰባተኛው ጎተራ፣ መሰላሉና የመግቢያው የብረት እጀታ ፊት ለፊቷ ነበሩ። አመስግና ወጣች፤ ከወንበሩ እስከ መግቢያው ያለውን መንገድም በልቧ እየቆጠረች ሄደች።

መግቢያው አጠገብ፣ በላስቲክ ሽፋን ውስጥ አንድ ታብሌት ተሰቅሏል። ሠራተኞቹ ካርዳቸውን በጣት የሚጎትቱበት እዚያ ነው። መዳፊት የለውም።

ትሬቭ ፔንግሊን የቀበቶው ክፍል ውስጥ አገኘችው። ከፊቱ ያለው አንድ ወፍራም ቁልፍ፣ አንድ ቀይ መብራትና አንድ አረንጓዴ መብራት ብቻ ነው።

«ሰሌዳው እዚህ የለም?»

«ለእኔ ኮምፒውተር ማን አምኖ ይሰጠኛል?» አለ ትሬቭ። «ቀዩ ከበራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። አረንጓዴው ከበራ እጫናለሁ። ዝንጀሮም ይሠራዋል አልኩት አንዴ ለኢቮ። ‹ዝንጀሮ በሰዓቱ ይመጣል› አለኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ ፊቱ ግን ሌላ ነገር ሆነበት። «እኔ ነኝ የተጫንኩት፣ ታውቂያለሽ አይደል? አረንጓዴ ነበር። በእናቴ ስም፣ አረንጓዴ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሰው ጎተራ ሲገባ መግቢያው ላይ የሚጠብቅ ሰው መኖር ነበረበት። ማን ነበር?»

«እኔው።»

«ታዲያ?»

«ለስምንት አምስት ጉዳይ ላይ ኮራሊ በሬዲዮ ጠራችኝ። ‹ቀበቶው ጋ ሂድና ተዘጋጅ፤ እሱን እኔ ከመስኮቴ አየዋለሁ› አለች።»

«ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«ሬዲዮ የያዘ ሁሉ። ኢቮም ሰምቷል። ‹ጥሩ ነው፣ ኮራሊ ቢያንስ አታንኮራፋብኝም› ብሎ ሳቀብኝ።» ትሬቭ መብራቶቹን ተመለከተ። «ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።»

«ኔቨንካ የያዙት የኢቮ ባርኔጣ ለምን መግቢያው እጀታ ላይ ተገኘ?»

«የድሮ ሰው ሁሉ ሲገባ እዚያ ይሰቅላል። ከሰሌዳው በፊት የነበረ ልማድ ነው። ባርኔጣ እጀታው ላይ ካለ ሰው ውስጥ አለ። ሲወጣ ፀሐዩ አናቱን ስለሚጠብሰው አይረሳውም።»

«ከዚህ ይታያል?»

«ከዚህ የሚታየው የቀበቶው አፍ ብቻ ነው።»

ሚዛን ቤቱ በግቢው በር አጠገብ ያለች ጠባብ ሳጥን ናት። ቤት መቀመጥ አቅቷት ወደ ሥራ የተመለሰችው ዳኒትሳ ማርቲች ለከባድ መኪና ሾፌሮች ቁጥር እየጠራች ነበር። ከፊቷ ያለው ስክሪን አሮጌና ጠባብ ነው፤ ከሰሌዳው ሦስት አምድ ብቻ ያሳያል።

«ካርድሽን ‹ወጥቷል› ላይ ጣይልኝ፣ እስቲ ልየው» አለቻት ሎሳሊኔ።

ዳኒትሳ ካርዷን በመዳፊት አነሳች፤ እስከ «እረፍት» የቀኝ ጠርዝ ጎተተችውና እዚያ ያዘችው። ገጹ ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። «ታገሺው፤ ይሄ ስክሪን ከአባዬ ይብሳል፣ ካልለመኑት…»

አልጨረሰችውም። አራተኛው አምድ ብቅ አለ፤ ካርዱን ለቀቀችው። ሎሳሊኔ ሰዓቷን አየች፤ ካርዱ ጠርዙ ላይ የቆየው አምስት ሰከንድ ነው።

«አባትሽ ኮምፒውተር ይችል ነበር?»

«ታብሌቱን ብቻ። በየሦስት ወሩ የደኅንነት ፈተና አለ፤ የይለፍ ቃሉንም ፈተናውንም እኔ ነበርኩ የምሠራለት። መልሱን ከዚያ ጋ ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ እጫናለሁ።» ጣቷ ወደ በሩ ጠቆመ፤ ቶሎ ግን ሰበሰበችው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ጥያቄ «አላስታውስም» አለች።

አርብ ጠዋት ገጹን የሠራው ሪሺ ናንዳን ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ከዋናው ከተማ ከአደሌድ መጣ። ትውልዱ ፊጂ ነው፤ ወጣት፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«በእኔ ሊያሳብቡ ነው አይደል? ገጹ ተበላሽቶ ካርዱን ራሱ አነሳው ሊሉ?»

«ማን ምን እንደሚል እኔ አላውቅም። አንድ ካርድ ሲጎተት ገጹ ምን እንደሚሰማ ብቻ አስረዳኝ። እንደ ደንቆሮ ቁጠረኝ።»

ሪሺ ረጋ አለ። የሚያውቀውን ሲጠየቅ ሌላ ሰው ይሆናል።

«በመዳፊት ካርድ ስታነሺ ገጹ ‹ተነሳ› የሚል ምልክት ይደርሰዋል። አምድ ላይ ይዘሽ ስታልፊ ያ አምድ ‹በላዬ ነው፣ በላዬ ነው› እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አምድ ሲፈጠር ማንንም አልቀበልም ብሎ ነው የሚፈጠረው። በዚያ ጩኸት መሀል ‹ተቀበል› ብዬ ካልጻፍኩለት፣ ስትለቂው ካርዱ ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ተቀበል ካልኩት ግን ‹ወደቀ› ይላል። እኔ ‹ተቀበል› የምለው የካርዱ ባለቤት ሲሆን ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹አበቃ›። ወደቀም አልወደቀም፣ መጨረሻ ላይ ‹አበቃ› ይመጣል።»

«በጣትስ?»

«በዚያ ታብሌት ላይ እነዚህን ምልክቶች አጥፍቻቸዋለሁ፤ ለጣት የተለየ ነው የጻፍኩት። መዝገቡም ላይ ‹ጣት› ብሎ ነው የሚገባው።»

ሎሳሊኔ የኮራሊን ዝርዝር አስቀመጠችለት። «ይሄ ከየትኛው ምልክት የተወሰደ ነው?»

«ከ‹ወደቀ› ብቻ። ለሥራ አስኪያጅ የሚያስፈልገው እሱ ነው።»

«ያልወደቀውስ የት ይጻፋል?»

«ያልወደቀ ምን ይሠራልሻል?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩህ።»

ሪሺ አገጩን አሸ። «ሚዛን ቤት ካርድ እየተንሸራተተ አስቸገረን ብለው ነበር፤ ችግሩን ለማየት ምልክቱን ሁሉ የሚጽፍ መዝገብ ከፍቼ ነበር። ከአንድ ወር በፊት መዝጋት ነበረብኝ።» ላፕቶፑን ከፈተ። «ረሳሁት።»

ሎሳሊኔ ያንን መዝገብ ከማስመሪያ ጋር ሁለት ሰዓት አነበበችው። ስትጨርስ እስክርቢቶዋን ዘግታ ሁሉንም ለቅዳሜ ጠዋት ጠራች።

ቅዳሜ ጠዋት አምስቱም በእረፍት ክፍሉ ተሰበሰቡ። ኔቨንካ ባርኔጣውን እንደያዙ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ትሬቭ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሪሺ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አበራው። ኮራሊ ሰዓቷን አየች።

«ቶሎ እንጨርስ፤ ሰኞ የሚጫን አለኝ።»

«አጭር ነው» አለች ሎሳሊኔ። «ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ኢቮ ካርዱን ወደ ‹ጎተራ ውስጥ› ወሰደ። መዝገቡ ‹ጣት› ይላል። ታብሌቱ ነው፤ ትክክል። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ካርዱ በኢቮ ስም ወደ ‹ወጥቷል› ሄደ። እዚህ ‹ጣት› አይልም። ‹ተነሳ›፣ ‹በላዬ ነው›፣ ‹ወደቀ›፣ ‹አበቃ› ይላል። ያ መዳፊት ነው። በዚህ ግቢ ሰሌዳው ያለበት መዳፊት ሁለት ነው፤ አንዱ የኮራሊ ቢሮ፣ አንዱ ሚዛን ቤት። ኢቮ ከጎተራው ወጥቶ ካርዱን አላነሳም። ሌላ ሰው ነው ያነሳለት።»

ትሬቭ ከበሩ ተነሳ። «እና እሱ አልወጣም ነበር።»

«አልወጣም።» ሎሳሊኔ ማስታወሻዋን ገለበጠች። «አሁን በሪፖርቱ ዝርዝር ላይ የሌለውን ላንብብ። ስምንት ሰዓት ከሰባት፣ ከቢሮው፣ በኮራሊ ቬንስ ስም። የኢቮ ካርድ ‹ተነሳ›። ‹ወጥቷል› የሚለው አምድ ‹በላዬ ነው› አለ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ‹አበቃ›። ‹ወደቀ› የሚል ግን የለም።»

«እጄ ስቶኝ ይሆናል» አለች ኮራሊ።

«ሦስት ጊዜ ነው። በሠላሳ ሦስት ሰከንድ ውስጥ። ገጹ ሦስት ጊዜ ከለከለዎት፤ ሦስት ጊዜ ካርዱ ተፈናጥሮ ወደ ‹ጎተራ ውስጥ› ተመለሰ። ሐሙስ ዕለት ዞር ብዬም አላየሁት ብለውኛል።»

ሎሳሊኔ ጣቷን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረደች።

«ከሦስት ደቂቃ በኋላ ያው ካርድ በኢቮ ስም ተነሳ። ‹ወጥቷል› ላይ ከመድረሱ በፊት ግን ‹እረፍት› የቀኝ ጠርዝ ላይ አምስት ሰከንድ ቆመ። በሰፊ ስክሪን ላይ ማንም እዚያ አይቆምም፤ አራቱም አምዶች ይታያሉ። እዚያ የሚቆመው አራተኛው አምድ ተንሸራቶ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ነው። ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም። የሚናገረው ሰው ራሱ ቢናገረው ይሻላል።»

ኔቨንካ መጀመሪያ ወደ ሪሺ አዩ፣ ከዚያ ወደ ትሬቭ። በመጨረሻ ከጎናቸው ወዳለችው ዞሩ።

«አይ» አሉ። «ዳኒ። አይደለም በይ።»

«ኮራሊ ደወለችልኝ» አለች ዳኒትሳ። «‹አባትሽ እዚህ እረፍት ክፍል ሻዩን እየጠጣ ነው፣ ካርዱን ረስቶት ነው የሄደው፤ ከዚህ ይታየኛል፣ የይለፍ ቃሉን ታውቂው የለ፣ አንሺው የኔ ቆንጆ› አለችኝ። መኪናዎች ተሰልፈዋል። ለፈተናው ጠዋት በስሙ ገብቼ አልዘጋሁትም ነበር። አነሳሁት። አንድ ካርድ ነው፣ እማ። ሁሌ የምናደርገው ነው። ስንቱ ረስቶ ምሳ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ተቀብዬ ስንቱን አንስቼለት…»

«እሱን አንስተሽለት ታውቂያለሽ?» አለ ትሬቭ።

ዳኒትሳ ራሷን ነቀነቀች። «ረስቶ አያውቅም።»

«አያችሁ፣ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ!» ኮራሊ ተነሳች። «በቀን ሦስቴ ካርዳችሁን ትታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሞተሩ ይቆማል፤ ስድቡን የምጠጣው እኔ! ይሄም እንደዚያው መሰለኝ። ማንም ሰው እንደዚያ ነበር የሚመስለው!»

«ይመስላል» አለች ሎሳሊኔ። «ግን እርስዎ መሰለኝ አላሉም፤ ይታየኛል ነው ያሉት። ለትሬቭ ‹ከመስኮቴ አየዋለሁ› ብለው ጠባቂውን አነሱ፤ ከዚያ በኋላ ጠባቂው እርስዎ ነዎት። ለዳኒትሳ ‹ሻዩን እየጠጣ ይታየኛል› አሉ። ከወንበርዎ ላይ ይህ ክፍል አይታይም፤ ተቀምጬ አይቻለሁ። የሚታየው የሰባተኛው ጎተራ እጀታ ነው። እጀታው ላይ ደግሞ ያ ነበር።»

ሁሉም የኔቨንካን ጭን ተመለከቱ።

ኮራሊ ተቀመጠች። «አላየሁም» አለች ቀስ ብላ። «ስክሪኑን ነበር የማየው።»

«ያንን አምንዎታለሁ» አለች ሎሳሊኔ።

ኔቨንካ ልጃቸውን አልለቀቁም። «እሺ፣ አታለለችሽ። ማክሰኞ አታለለችሽ። ረቡዕስ? ሐሙስስ? እኔ ከበሩ ላይ ተቀምጬ ስለማመጥ አንቺ ሳህን ታጥቢ ነበር?»

«‹ስልክ ብቻ ነው የደወልኩት፣ የጎተትሽው አንቺ ነሽ› አለችኝ። ‹ዝም ካልሽ የእሱ ስህተት ይሆናል። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይከፋውም› አለችኝ።»

«እኔስ?» አሉ ኔቨንካ። «እኔ ይከፋኛል ብሎ ያሰበ የለም?»

ዳኒትሳ እጇን ዘረጋች። እናትየው ባርኔጣውን ወደ ሌላኛው ጭናቸው አዛወሩት፣ እጇ እንዳይደርስበት።

ዳኛው «በራሱ ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ከመዝገቡ ሰረዘው። ኔቨንካ የጠየቁት እሱን ብቻ ነበር፤ ውሳኔው ሲነበብ ብቻቸውን መጥተው ሰምተው ብቻቸውን ሄዱ። ኮራሊ ቬንስ ጠባቂ ሆና ሳለ ሰው እንዲሞት በማድረግ ተከሰሰች። ዳኒትሳ መሰከረችባት፤ ከዚያ በኋላ በኩልታ አልታየችም። ትሬቭ ያንን ቁልፍ ዳግመኛ አልተጫነም። ሪሺ ሊዘጋው የነበረውን መዝገብ ክፍት ተወው።

በፍርድ ቤቱ የኮራሊ ጠበቃ ደንበኛው በዚያ ጥድፊያ ሄዳ ለማየት ጊዜ አልነበራትም ሲል ተከራከረ። ሎሳሊኔ ማስታወሻዋን ገልጣ ሁለት መስመር አነበበች። ገጹ ካርዱን ለሦስተኛ ጊዜ ከከለከለበት ቅጽበት ቀበቶው እስከተነሳበት ያለው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ ነው። ከኮራሊ ቬንስ ወንበር እስከ ሰባተኛው ጎተራ መግቢያ ያለው ርቀት፣ ሳይሮጡ፣ ዘጠና አራት እርምጃ፣ ሰባ አንድ ሰከንድ ነው።